አመድ አፋሿ ወደ ምዕራብ ስትሄድ

እህቶቼ፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለ ደመወዝም ስለ ኢቃማም አይደለም፤ ስለ ተረት ነው። «አሁን ተረት ምን ያደርግልናል?» እንዳትሉኝ። ታገሡኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት፤ ተረቱ ዞሮ ዞሮ ስለ ደመወዝና ስለ ወረቀት ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ነገሩ የጀመረው እዚሁ ሲን ኤል ፊል፣ አምስተኛ ፎቅ ላይ ነው። መጀመሪያ በሠራሁበት ቤት አንዲት የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ማታ ማታ አጥቤ፣ አብልቼ የማስተኛት እኔ ነኝ። ተረት ካልተነገራት አትተኛም፤ ከተረትም ሲንደሬላ ካልሆነ አትወድም። የኔ አረብኛ ደግሞ የኩሽና አረብኛ ነው፤ «አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ» ከሚለው ብዙ አያልፍም። ለሲንደሬላ ግን በቃኝ። የሲንደሬላ ኑሮ ራሱ «አምጪ፣ ውሰጂ፣ ጥረጊ» አይደል?

አንድ ማታ እንደ ልማዴ ተረቱን ጨረስኩ። ልዑሉ ጫማውን ለካላት፣ ልክ ሆነ፣ ፈረስ ላይ አፈናጠጣት፣ ሄዱ። ልጅቷ ዝም ብላ ቆየችና «እሷ ስትሄድ ቤቱን ማን ጠረገው?» አለችኝ።

ሳቅሁ። «ተኚ፣ ነገ ትምህርት ቤት አለ» ብዬ መብራቱን አጠፋሁ። ኩሽና ስገባ የእራቱ ሳህን ተከምሮ ይጠብቀኛል። እያጠብኩ ጥያቄዋ አልለቅ አለኝ። እውነትስ ማን ጠረገው?

ከዚያ ቤት ከወጣሁ ዓመታት አልፈዋል። አሁን እዚሁ ሲን ኤል ፊል ከሁለት እህቶች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን በሰዓት እሠራለሁ። እሁድ እሁድ ጊዜ ሳገኝ ያንን ጥያቄ ይዤ የተረቱን ታሪክ ማገላበጥ ጀመርኩ። እንግሊዝኛ ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት የማኅበራችን እህት ብዙውን አነበበችልኝ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ። የምጠቅሰው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው።

ስሟ አመድ ነው

መጀመሪያ የገረመኝ ስሟ ነው። ሲንደሬላ የልጅቷ እውነተኛ ስም አይደለም፤ የተለጠፈባት ነው። ቀኑን ስትሠራ ውላ ማታ ምድጃው አጠገብ ስለምትቀመጥ፣ ልብሷም አመድ ስለማያጣው በአመድ ጠሯት። በጣሊያንኛም፣ በፈረንሳይኛም፣ በጀርመንኛም ስሟ ከአመድ የወጣ ነው። እናቷ ያወጣችላት ስም ማን እንደነበር በአብዛኞቹ መጻሕፍት ውስጥ ማንም አይነግረንም።

ይሄ ለኛ እንግዳ ነገር ነው? ሊባኖስ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቤት ሠራተኛ ከየትም ትምጣ ከየት «ስሪላንኪያ» ስትባል ኖራለች። የስሪላንካ እህቶች በብዛት ከመምጣታቸው የተነሣ የአገራቸው ስም የሥራው ስም ሆነ። እኔ የወሎ ልጅ፣ ኩታበር ተወልጄ፣ ስንት ጊዜ ስሪላንኪያ ተብያለሁ። ስሜ ለአፍ ይከብዳል ተብሎ ሌላ አጭር ስም ወጥቶልኝም ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ በዚያ ስም ስጠራ «አቤት» ብያለሁ።

በአማርኛ ደግሞ ለዚህች ልጅ ልክክ የሚል አባባል አለን። ለሰው ደግ ሠርታ ምስጋና ያጣች ሴት «እጄ አመድ አፋሽ ነው» ትላለች። እናቴ ይህን ስትል ነው ያደግሁት። ስለዚህ ለሲንደሬላ የአማርኛ ስም አውጪላት ብትሉኝ «አመድ አፋሿ» እላታለሁ።

ከተሸጠችው ልጅ እስከ ብርጭቆ ጫማዋ

እኔ ይህ ተረት የአሜሪካ ፊልም ሠሪዎች ይመስለኝ ነበር። የዲዝኒ ፊልም የወጣው በ1950 ነው፤ ተረቱ ግን ለፊልሙ ቅድመ አያት ነው። ለተረቱ ቅርብ የሆነው አሮጌ ታሪክ የተጻፈው ከዛሬ 2,000 ዓመት ገደማ በፊት ነው። ስትራቦ የሚባል ግሪካዊ ስለ ግብፅ ሲጽፍ ስለ ሮዶፒስ ያነሣል። ሮዶፒስ ገላዋን ስትታጠብ ንስር መጥቶ አንዱን ጫማዋን ይነጥቃል፤ ይዞት ሜምፊስ ድረስ ይበርና አደባባይ ተቀምጦ በሚፈርደው ንጉሥ ጭን ላይ ይጥለዋል። ንጉሡ በጫማው ተደንቆ ባለቤቷን በየአገሩ ያስፈልጋታል። ተገኘች፣ አገባት።

ይህች ሮዶፒስ ማን ነበረች? ከስትራቦ አራት መቶ ዓመት ቀድሞ የነበረው ሄሮዶቱስ ስለ እሷ ጽፏል። አገሯ ግብፅ አይደለም። ከትራቄ፣ ዛሬ ቡልጋሪያና ግሪክ ከሚገኙበት አካባቢ ናት። ባሪያ ነበረች፤ ያውም በተረቶቹ ከሚታወቀው ከኤዞፕ ጋር የአንድ ጌታ ባሪያ። ሰው ይዟት ወደ ግብፅ መጣ፤ ለእሱ ገንዘብ እንድታስገባ። በኋላ ሌላ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ ነጻ አወጣት። እንግዲህ እህቶቼ፣ የአመድ አፋሿ የመጀመሪያዋ ቅድመ አያት ባሕር ተሻግራ በሰው አገር ለሌላ ሰው ገቢ የምታስገባ ሴት ናት። ይህን ስሰማ ቁጭ ካልኩበት ተነሣሁ።

አንድ ሌላ ነገርም አለ። ስትራቦ ሲጽፍ ንስሩ ጫማውን የነጠቀው ከሮዶፒስ እግር አይደለም፤ ጫማዋን ይዛላት ከቆመችው አገልጋይ እጅ ነው። ያቺ አገልጋይ ስም የላትም። ጫማው ጠፍቶ ምን እንደተባለች ማንም አልጻፈም። እኔ ግን እገምታለሁ። የማዳም ነገር ሲጠፋ መጀመሪያ ማን እንደሚጠየቅ እናንተም ታውቃላችሁ።

ከዚያ ተረቱን ቻይና እናገኘዋለን። በ850ዎቹ አካባቢ ዱዋን ቼንግሺ የሚባል ሰው ዬ ሺየን ስለምትባል ልጅ ጻፈ። እናቷ የሞተችባት ልጅ ናት፤ እንጀራ እናቷ እንጨትና ውሃ ታስመጣታለች። ልጅቷ ዓይኑ ወርቅ የሚመስል ዓሣ ታሳድጋለች፤ እንጀራ እናትየዋ ዓሣውን አርዳ ትበላዋለች። ልጅቷ አጥንቱን ሰብስባ ደብቃ የለመነችውን ሁሉ ይሰጣት ጀመር። ለበዓል ወጥታ ስትመለስ የወርቅ ጫማዋ ይወድቃል፤ ጫማው ተሽጦ ንጉሥ እጅ ይገባል። ዱዋን ይህን ተረት የነገረኝ ቀድሞ በቤቴ ያገለግል የነበረ ሰው ነው ብሎ ጽፏል። የቤት አገልጋይ ተናገረ፣ ጌታው ጻፈ። የመጽሐፉ ደራሲ ተብሎ የቀረው ጌታው ነው።

በአውሮፓ በ1634 በኔፕልስ የጃምባቲስታ ባሲሌ መጽሐፍ ደራሲው ከሞተ በኋላ መታተም ጀመረ። የባሲሌ አመድ አፋሽ የዋህ አይደለችም፤ የመጀመሪያዋን እንጀራ እናቷን አንገት በሣጥን ክዳን ትሰብራለች። በ1697 ፓሪስ ላይ ሻርል ፔሮ ዛሬ የምናውቃትን ጻፈ፤ ዱባው ሠረገላ የሆነው፣ አይጦቹ ፈረስ የሆኑት፣ የብርጭቆ ጫማው የመጣው በእሱ ነው። የፔሮ ሲንደሬላ በጣም ቻይ ናት፤ እህቶቿን ይቅር ብላ ቤተ መንግሥት አስገብታ ትድራቸዋለች። በ1812 ጀርመን ውስጥ የግሪም ወንድማማቾች ደግሞ ጠንከር አደረጉት፤ ልብሱን የሚያመጣላት በእናቷ መቃብር ላይ የበቀለ ዛፍ ነው፣ እህቶቿ ጫማው እንዲገባላቸው ጣታቸውንና ተረከዛቸውን ይቆርጣሉ።

በ1893 ማሪያን ኮክስ የምትባል እንግሊዛዊት እነዚህን ተረቶች ሰብስባ ስታሳትም 345 ዓይነት ሆነው ተገኙ። 345 አመድ አፋሽ! ጎን ለጎን ሲታዩ አንድ ነገር ይታያል። ሥራው አይለወጥም፤ መጥረግ፣ ማጠብ፣ ውሃ መቅዳት። የሚለወጠው ከጭንቅ የሚያወጣት ነገር ነው። ቻይናዊው ተራኪ ዓሣ ሰጣት፣ ጀርመናዊው የእናት መቃብር፣ ፈረንሳዊው አስማተኛ የክርስትና እናት። እያንዳንዱ አገር ያጣውን፣ የሚመኘውን ነገር ተረቱ ውስጥ ጨመረ ማለት ነው።

የካውቦዮቹ ሲንደሬላ

ከሁሉ ያሳቀችኝ የአሜሪካ ምዕራቧ ናት። በካውቦይ ፊልም የምናየው አገር ነው፤ ሰፊ ሜዳ፣ አቧራ፣ ከብት፣ ፈረስ። ሱዛን ሎዌል የምትባል የአሪዞና ደራሲ በ2000 «ሲንዲ ኤለን» የሚል የልጆች መጽሐፍ አወጣች። እዚያ አመድ አፋሿ ቤት አትጠርግም፤ አጥር ትጠግናለች፣ ላም ትጠብቃለች፣ የበረት ፋንድያ ትዝቃለች። ልዑሉ የከብት ሀብታም ልጅ ነው። ከጭፈራው በፊት ሮዲዮ አለ፤ የፈረስና የከብት ውድድር። የምትጥለው የብርጭቆ ጫማ አይደለም፤ ጫማ ተረከዝ ላይ የሚታሰር የፈረስ መኮርኮሪያ ነው፣ ያውም አልማዝ የተፈረጠበት።

ዋናው ለውጥ ግን ሌላ ነው። አስማተኛዋ የክርስትና እናት ስትመጣ መጀመሪያ የምትነግራት ወኔ ከሌለ አስማት ዋጋ እንደሌለው ነው። ሲንዲ ኤለን ፈረሱን የምትጋልበው ራሷ ናት፤ ውድድሩንም የምታሸንፈው ራሷ። ከዚያ በፊት በ1997 ሄለን ኬተማን የጻፈችው የቴክሳስ ተረት ደግሞ ነገሩን ጭራሽ ገለበጠው፤ አመድ አፋሹ ወንድ ነው፣ ስሙ ቡባ፣ ጨካኙ እንጀራ አባት ነው። አስማተኛዋ ላም ናት። ጫማውን ይዛ ባለቤቱን ፍለጋ የምትዞረው ባለ ብዙ ከብትና ባለ ብዙ መሬት የሆነችው ሴት ናት። ይህን ለክፍል ጓደኞቼ ስነግራቸው አንዷ «እንግዲያው እኔም ላሟ ትምጣልኝ» አለች።

ተረቱ እዚያ አገር ሲደርስ ወኔ የጨመረው በከንቱ አይደለም። አሜሪካ በ1862 ባወጣችው የሰፈራ ሕግ ባል የሌላት ሴትም ዕድሜዋ 21 ከሞላ 160 ኤከር፣ ማለት ወደ 65 ሄክታር መሬት በስሟ መጠየቅ ትችል ነበር። ዋዮሚንግ ለሴቶች የመምረጥ መብት የሰጠችው በ1869 ነው፤ ከብዙ የዓለም አገሮች ቀድማ። መሬቱ ባዶ እንዳልነበረም እንወቅ፤ ነባሮቹ ሕዝቦች በጦርና በማታለል ተነቅለው ነው ለሰፋሪ የተሰጠው። የአንዷ ዕድል የሌላዋ ስደት ነበር። ቢሆንም ሴት መሬት በስሟ የያዘችበት አገር ላይ ተረቱ ቢነገር ልዑል ብቻ መጠበቋ አይዋጥም።

ከኛ አገርም የሄደ ተረት እዚያው አሜሪካ ታትሟል፤ የአንበሳው ጸጉር። ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሴትዮዋ ፍቅር ፈልጋ ወደ አዋቂ ትሄዳለች፣ «የአንበሳ ጸጉር አምጪ» ትባላለች፤ በየቀኑ ሥጋ እየወሰደች አንበሳውን ታለምድና ጸጉሩን ነቅላ ትመለሳለች። «አንበሳ ካለመድሽ ሰው ማልመድ ያቅትሻል?» ትባላለች። አንዳንዱ ስለ ባሏ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ስለ እንጀራ ልጇ። ይህን ተረት እወደዋለሁ። እዚህ የሰው ልጅ ሳሳድግ ስንት ጊዜ ትዝ ብሎኛል። ግን አስተውሉ፤ ለኛ የተሰጠን ተረት ወኔውንም ለትዕግሥት ያውለዋል። እኛ ሴቶቹ ታግሠን እንድናለምድ ነው ያደግነው። አንበሳው እንዲለወጥ የሚጠይቀው የለም።

ተረት ያልሆነችው

ታዲያ በዚያ በካውቦዮች አገር እውነተኛ አመድ አፋሽ ነበረች ወይ? ነበረች። ስሟ ክላራ ብራውን ነው። ልዑል የለበትም፣ ጫማም የለበትም። ታሪኳን ስሰማ ግን ከማንኛውም ተረት ይልቅ ለኔ ተነገረ ያልኩት ይሄንን ነው።

ክላራ በ1800 አካባቢ ቨርጂኒያ ውስጥ ከባሪያ ተወለደች። በኋላ ኬንታኪ ተወሰደች፤ አገባች፣ ልጆች ወለደች። በ1835 ገደማ ጌታዋ ሲሞት ቤተሰቡ በጨረታ ተሸጠ። ባሏ ለአንዱ፣ ልጆቿ ለሌላ ለሌላው፣ እሷም ለሌላ። ከልጆቿ አንዷ ኤላይዛ ጄን ትባላለች፤ ያኔ ገና ልጅ ናት። ክላራ ከሃያ ዓመት በኋላ በ1856 ነጻ ወጣች፤ ነገር ግን በኬንታኪ ሕግ ነጻ የወጣ ባሪያ አገሩን ለቆ መሄድ ነበረበት። ዕድሜዋ ከ50 አልፏል።

በ1859 ኮሎራዶ ተራራ ላይ ወርቅ ተገኘ ተብሎ ሰው ሁሉ ይጎርፍ ነበር። ክላራ ሠረገላ ላይ ተሳፍሮ ለመሄድ ጥቁር መሆኗ ከለከላት። ስለዚህ ለወርቅ ፈላጊዎቹ ምግብ ላብስልላችሁ፣ ልብሳችሁን ላጥብላችሁ ብላ ተዋዋለች። የማጠቢያ ገንዳዋን ሠረገላው ላይ ጭና እሷ አብዛኛውን መንገድ በእግሯ ሄደች፤ ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ።

ደርሳ ምን ሠራች? ያው እኛ የምንሠራውን። ሴንትራል ሲቲ በምትባል የማዕድን ከተማ ልብስ አጠበች፣ ምግብ አበሰለች፣ የታመመ አስታመመች፣ አዋላጅ ሆነች። ወርቅ ቆፋሪዎቹ ጭቃ ለብሰው ይመጣሉ፣ እሷ ታጥባለች። ብዙዎቹ ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ እሷ ቤትና መሬት ገዛች፤ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ያጠራቀመችው ወደ 10,000 ዶላር ይገመታል። በዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነው።

ገንዘቡን ምን አደረገችው? ልጆቿን ፈለገችበት። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በ1865 ሲያበቃ ወደ ኬንታኪ ተመልሳ ፈለገች። አላገኘቻቸውም። ባዶ እጇን ከምትመለስ፣ ከባርነት የወጡ ሌሎች ሰዎችን መንገዳቸውን ከፍላ ይዛ ተመለሰች፣ ሥራም አስገኘችላቸው። ገንዘቧ እንዲህ እንዲህ እያለ አለቀ። ልጇን ያገኘችው በ1882 ነው፤ አይዋ ውስጥ ካውንስል ብላፍስ በምትባል ከተማ። ከተለያዩ ከ45 ዓመት በላይ ሆኗቸው፣ ልጅቷ ራሷ ሸምግላ። ክላራ በ1885 አረፈች። ዛሬ በኮሎራዶ ምክር ቤት ሕንጻ ውስጥ ባለ ቀለም መስታወት ላይ ምስሏ ተሥሏል።

ወኔ ከሆነ ከዚህ በላይ ወኔ የለም። ግን አንድ ነገር እንዳንዘነጋ እፈልጋለሁ። ክላራን ልብስ ማጠቧ ብቻ አላቆማትም፤ ልብስ አጥቦ ያደረ ስንት ባሪያ ነበር፤ ራሷም ነጻ ሳትወጣ ስታጥብ ኖራለች። ለውጡ የመጣው ነጻ መሆኗን የሚመሰክር ወረቀት እጇ ላይ በገባ ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ያው ገንዳ፣ ያው ሳሙና፣ ያው እጅ፤ ገንዘቡ ግን የራሷ። ዋጋዋን ራሷ ትናገራለች፣ ደንበኛው ካልተስማማት ትተወዋለች፣ ከተማው ካልተስማማት ተነሥታ ትሄዳለች።

አሁን የሲን ኤል ፊሏን አመድ አፋሽ አስቡ። የሊባኖስ የሥራ ሕግ የወጣው በ1946 ነው፤ ሰባተኛው አንቀጽ የቤት ሠራተኞችን ከሕጉ ያወጣል። በካፋላ ደግሞ ኢቃማችን ከአንድ አሠሪ ስም ጋር የታሰረ ነው፤ ቤቱን ጥለሽ ከወጣሽ ሕገ ወጥ ነሽ። ክላራ ገንዳዋን ይዛ ከተማ እንደቀየረች አንቺ ባልዲሽን ይዘሽ ሕንጻ መቀየር አትችይም። በጥር 2015 ቤይሩት ላይ የቤት ሠራተኞች ተሰባስበው ማኅበር ሲመሠርቱ መንግሥት ዕውቅና ከለከላቸው። በ2020 ደግሞ የሥራ ሚኒስቴሩ የተሻለ የሥራ ውል አውጥቶ ነበር፤ ጥቂት ሳምንት ሳይቆይ ፍርድ ቤት አገደው። የኔ የመጀመሪያ አሠሪዎች ፓስፖርቴን ቁምሣጥን ውስጥ ቆልፈውበት ነበር። ስወጣ ፓስፖርቱም የሰባት ወር ደመወዜም እዚያው ቀረ። ስለዚህ «የጠፋው ጫማሽ ምንድን ነው?» ብትሉኝ የምመልሰው ይሄንን ነው። አስማተኛ የክርስትና እናት ብትመጣልኝ ቀሚስ አልጠይቃትም።

«ወኔ ብቻ ይኑርሽ» የሚሉንንም የማልቀበለው ለዚህ ነው። የካውቦይዋ ተረት ደስ ይላል፤ ግን ወኔዋን የምታውልበት ፈረስና ሜዳ ነበራት። ወኔ የሌላት ስደተኛ እኮ ከቤቷም አትወጣም። አምስት ልጅ ያለው ቤት ብቻዋን የምትሸከም ሴት ወኔ ጎድሏት አይደለም እየተጎዳች ያለችው።

ለልጄ የነገርኳት

ይህን ሁሉ እንድጽፍ ያደረገኝ ልጄ ናት። ከአገሬ ስወጣ ሦስት ዓመቷ ነበር፤ ከእናቴ ጋር ትቻት መጣሁ። ዘንድሮ 17 ሞላት፣ አሥራ አንደኛ ክፍል ናት። ባለፈው ክረምት በስልክ «እማ፣ ትምህርቱ ይቅርብኝ፣ እኔም ልምጣ» አለችኝ። ደላላ አነጋግሯታል። «ለምን?» ስላት ያለችኝን አልረሳውም። «ያንቺን ፎቶ እያየሁ ነዋ ያደግሁት።»

የትኛውን ፎቶ? እናንተም የምታነሡትን ነዋ። እሁድ ለብሼ፣ ጸጉሬን ተሠርቼ፣ ባሕሩ ዳር፤ ወይ የሰው በረንዳ ላይ፣ አበባው ከኋላዬ። የቁጥር ሳህን የማጥበውን፣ ክሎሪን የበላውን እጄን አንድ ቀን አንሥቼ ልኬ አላውቅም። ሊራው ወድቆ ደመወዛችን ባዶ በሆነበት ጊዜ እንኳ «ደህና ነኝ» ብዬ የልክሁት ፎቶ ላይ እየሳቅሁ ነው። 14 ዓመት ሙሉ ለልጄ ሲንደሬላን ስነግራት ኖሬያለሁ፤ ሁልጊዜ ከመጨረሻው ገጽ፣ ሁልጊዜ ከጭፈራው። የመሀሉን ቆርጬ።

በተጣላሁ ኖሮ ደላላው ያሸንፈኝ ነበር። ስለዚህ ተረት አልኩላት። ማታ ማታ ከሥራ ስመለስ በዋትስአፕ ድምፅ እየቀዳሁ ላክሁላት፤ በመጀመሪያው ቀን ሮዶፒስን፣ በሁለተኛው የቻይናዋን ልጅ፣ ከዚያ ካውቦይዋን። በካውቦይዋ ሳቀች። በመጨረሻ ክላራን ነገርኳት፤ ጨረታውን፣ የእግር መንገዱን፣ ገንዳውን፣ ፍለጋውን። የኔንም የመሀሉን ጨመርኩ፤ ስለ ፓስፖርቱ፣ ስለ ሰባቱ ወር፣ በሌላ ስም «አቤት» ስላልኩበት ሁለት ዓመት። እናቴ እንኳ የማታውቀውን ነው የነገርኳት። ድምፄ ተቆራርጦ ሁለት ጊዜ ደግሜ ቀድቻለሁ።

«እንዳትመጪ» አላልኳትም። መንገዱን እኔው ሄጄበት እሷን ብከለክላት አትሰማኝም፤ አገር ቤት ያለውን ችግርም አውቀዋለሁ። ያልኳት ይህንን ነው፤ «ከመጣሽ የመሀሉን አውቀሽ ነይ። ሥራ ሥራ ነው፣ ማጠብ አያሳፍርም። የምትፈርሚው ወረቀት ላይ ግን በማን ስም እንደታሰርሽ፣ ስትወጪ ማን በሩን እንደሚከፍትልሽ ሳታውቂ አትፈርሚ። አሥራ ሁለተኛን ጨርሺና ደግመን እናወራለን።»

ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን አጭር ድምፅ ላከች። «እማ፣ ያቺ ሴትዮ ልጇን ለማግኘት ከ45 ዓመት በላይ ፈጀባት አይደል? አንቺስ ስንት ዓመት ቀረሽ?»

መልስ አልነበረኝም። እስካሁንም ቁጥሩን አልነገርኳትም፤ ግን በዚያ ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ የመመለሻ ብዬ ለብቻ ገንዘብ ማስቀመጥ ጀምሬያለሁ። ትምህርቷን አላቋረጠችም። ደላላው ግን አሁንም እየደወለላት ነው፤ ስለዚህ ተረቱ አላለቀም።

የዚያች ትንሽ ልጅ ጥያቄም አለ። ሲንደሬላ ስትሄድ ቤቱን ማን ጠረገው? አሁን ባገኛት እነግራት ነበር፤ ከሩቅ አገር የመጣች ሌላ ሴት ናት፣ እናቷ ያወጣችላት ስም አላት፣ እሷም የምታስተኛት የራሷ ልጅ ነበረቻት፣ በስልክ።

345ቱን ተረቶች የሰበሰበችው ሴት የኛን አላገኘችውም፤ ያኔ አልመጣንም ነበር። ዱዋን ቤት የነበረው አገልጋይ ተረቱን ተናገረና ሌላ ሰው ጻፈው። እኛ ግን ዛሬ ብዕሩም፣ ስልኩም፣ ይቺ መጽሔትም አለችን። እህቶቼ፣ ለልጆቻችሁ ስትተርቱ የመሀሉን አትዝለሉት። የተዘለለውን ደላላ በራሱ ቃል ይሞላዋል።

ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ።